ሦስተኛው ስታፋ

መስከረም 19 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዛሬ ክትባት። ከሰባ በላይ ሕፃናት። ጠዋት የተሰለፉት እስከ ስምንት ሰዓት አላለቁም። አንዷ እናት «ልጄን አላስወጋም» ብላ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ራሷ ተመልሳ መጣች። ምን ሐሳቧን አስቀየራት? አልጠየቅኳትም። ወጋሁት፣ አለቀሰ፣ ሄዱ።

ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም... አንድ ነገር ብቻ። ከሆስፒታሉ ስንመለስ ገበያው አጠገብ አንዲት ፍየል መንገድ ገባች። ጋሽ ገልገሎ ፍሬን ሲይዙ አየኋቸው። በሁለት እግራቸው ነው የረገጡት። ጀርባቸው ከወንበሩ ተነሥቶ። ለአንዲት ፍየል! የክሊኒኩን መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ነድተዋል፤ እኔ እንኳ አጠገባቸው መቀመጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ከመቼ ጀምሮ ነው?

መስከረም 21

ጠየቅኳቸው። «ዕድሜ ነው፣ ሲስተር» አሉኝ።

ሞተሩን ሳያጠፉ መድኃኒት ሊያወርዱ ሲሄዱ መሪው ጋ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፍሬኑን ረገጥኩት። ግድግዳ የረገጥኩ መሰለኝ። በሁለት እግሬ ተጫንኩት፤ ትንሽ ወረደ።

ዕድሜ ነው? የእኔ ዕድሜ ሠላሳ አራት ነው።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ተርፈናል።

ለክትባት ወደ አሬሮ ስንሄድ፣ የዳዋ ቁልቁለት ላይ፣ ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ ግመሎች መንገዱን ሞልተውታል። ጋሽ ገልገሎ ፍሬኑ ላይ ቆሙበት ማለት ይቻላል። መኪናው ቀዝቀዝ አለ እንጂ አልቆመም። መሪውን ወደ ጋራው በኩል ጠመዘዙት፤ ቀዩ አፈር ውስጥ ገባን፤ እዚያ ቆምን። የበረዶ ሣጥኑ ተገልብጦ ብልቃጦቹ ጭኔ ላይ ተበተኑ። ሦስት ተሰበሩ። ሰው አልተነካም፣ ግመል አልተነካም። ባለግመሉ ጠጋ ብሎ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ አለ። ጋሽ ገልገሎም «ናጋ» ብለው መለሱለት። እጃቸው ግን መሪውን አልለቀቀም።

ትንሽ ቆይተው ለወልደየሱስ እንዳልነግር ለመኑኝ። ወልደየሱስ የክሊኒኩ ኃላፊ ነው። እኔም ምክንያቱን ካልነገሩኝ እነግራለሁ አልኳቸው። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ።

ነገሩ ሞተሩ ነው። ቤንዚን በኩፖን ሆኖ ሲጠፋ፣ ነሐሴ ላይ የቤንዚኑ ሞተር ወርዶ የናፍታ ሞተር ገባለት አይደል? የቤንዚኑ ሞተር ሲሠራ አየር ይስባል። ያ ስበት በጎማ ቱቦ መጥቶ ፍሬኑን ያግዝ ነበር። የናፍታው እንዲያ አይስብም። ስለዚህ ፍሬኑ በሰው እግር ብቻ ቀረ። መፍትሔውም አለው፤ ሞተሩ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ የሚያሽከረክረው ትንሽ መሳቢያ ፓምፕ ነው። ሲነግሩኝ ቶሎ ገባኝ... ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከሕፃኑ አፍ ፈሳሽ የምንስብበት ዕቃ ዓይኔ ላይ መጣ። ያው ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ይህን እያወቁ ለምን ዝም አሉ?

መስከረም 29

ለወልደየሱስ የሆነውን ሳይሆን የጎደለውን ነገርኩት። አዲስ አበባ ላለው ቢሮ ደብዳቤ ጻፈ። ፓምፑ እስኪመጣ ከከተማ እንዳንወጣ አለ። ጥሩ።

ጥቅምት 11

ዝናቡ ጀመረ። ነገሌ ጭቃ። ደብዳቤው መልስ የለውም።

ጥቅምት 24

ፓምፑ መጣ! ከክብረ መንግሥት በመጣ አውቶቡስ፣ በካርቶን። ጋሽ ገልገሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈውት ገቡ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ ላይ እዚህም እዚያም ሞከሩት። የትም አይቀመጥም። ለሌላ መኪና የተሠራ ነው። ፓምፑ አለ፣ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ አለ፣ ቱቦው አለ፤ ሞተሩ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ብረት ግን የለም። ስታፋ ይሉታል። ካርቶኑን ገለበጥን፣ አራገፍን። የለም።

አሁን እንደገና መጻፍ? ሌላ ወር? የአሬሮ ልጆች ሁለተኛ ዙር ክትባታቸው አልፏል።

ጥቅምት 25

ከገበያው በስተጀርባ ረዲ አለ። የብረት አልጋና በር የሚሠራ ጉራጌ ነው፤ በከተማው ውስጥ እሱ ያልበየደው በር ያለ አይመስለኝም። ጋሽ ገልገሎ «አልጋ ሠሪ ሞተር አይነካም» ብለው አኮረፉ። ቢሆንም ይዣቸው ሄድኩ።

ረዲ ፓምፑን በእጁ አገላብጦ መዘነው። ሞተሩንም አየ። ሦስት የቡሎን ቀዳዳ ሞተሩ ጎን ላይ ባዶ አለ። እነሱን ይዞ ስታፋ እንደሚሠራ፣ ከነገ ወዲያ እንድንመጣ ነገረን። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?

ሚስቱ መሱዳ እዚያው በረንዳ ላይ በስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሻይ ሰጠችን።

ጥቅምት 29

ስታፋው ገባ። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ ዞረ። ፍሬኑ ለሰለሰ! ጋሽ ገልገሎ ረዲን አቀፉት። ስለ አልጋ የተናገሩትን ረስተውታል።

ኅዳር 2

ተሰበረ። ኬላው ጋ እንኳ ሳንደርስ። ብየዳው ላይ ነው የተሰነጠቀው። ፓምፑ ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ረዲ ስብርባሪውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «አልጋ ቆሞ ነው የሚኖረው» አለ። «ይሄ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። አላሰብኩትም።»

ጋሽ ገልገሎ ከመኪና ባለስትራ፣ ጭነቱን ከሥር ከሚሸከመው ብረት፣ እንዲሠራው መከሩት። ረዲ ባለስትራ ሲበየድ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ይሰበራል አለ። ወፍራም አንጎላሬ፣ ባለ ማዕዘን ብረት፣ ይፈልጋል።

ኅዳር 9

ሁለተኛው አልተሰበረም። ቺንጋው ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘለለ። መለስነው፤ ዘለለ። ሦስተኛ ጊዜ ጫፉ ተበልቶ ክሩ ወጣ። የሞተሩና የፓምፑ ፑሌጃ ፊት ለፊት አይተያዩም። የጣት ግማሽ ያህል ተዛንፈዋል። ረዲ በመዶሻ ሊያቀናው ሞከረ። ይብስ ጠመመ።

ሌላ ቺንጋ የለንም።

ኅዳር 10

ረዲ ሱቁን አልከፈተም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ይህን ቀን በደንብ ልጻፈው።

ረዲ ዛሬ ክሊኒክ ድረስ መጣ። ሥራውን ሊተው ነው የመጣው። የሰው ሕይወት ያለበት ዕቃ ነው፣ ከእኔ በላይ ነው፣ ወላሂ እንቅልፍ ነሣኝ አለ። መሱዳም አብራው ነበረች፤ ለጆሮዋ ሕመም እኔ ጋ ልትታይ። ጆሮዋን ጠርጌላት ስንወጣ ባሏና ጋሽ ገልገሎ ኮፈኑ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ አጎነበሰች። ቀዳዳዎቹን በጣቷ ነካች። አንዱ ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ ሁለቱ ወጣ ያሉ።

«እጅጌ ነው» አለች።

ማንም አልገባውም።

«ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ቆረጥከው። ክንዱ ግን ዝርግ አይደለም። መጀመሪያ ወረቀት አልብሰው።»

ረዲ አያት። የሚቆጣ መሰለኝ... ባልን በሰው ፊት ማረም ነውና። ከዚያ ከኪሱ ጠመኔውን አውጥቶ ሰጣት።

የክትባት ካርቶን ጠየቀችኝ። አመጣሁላት። ካርቶኑን ሞተሩ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ዘይቱ የቀዳዳዎቹን ክብ ካርቶኑ ላይ አተመው። በመቀሴ ቆረጠች። ወደ ውስጥ በገባው ቀዳዳ በኩል አጠፈችው፣ እንደገና መለሰችው። በመጨረሻ ከሞተሩ ፑሌጃ እስከ ፓምፑ ፑሌጃ ክር ወጠረች፤ ጋሽ ገልገሎ ፓምፑን በእጃቸው ይዘው ቆሙላት። ክሩ ቀጥ እስኪል ድረስ «ወደ እርስዎ... ትንሽ... አሁን ወደ እኔ» እያለች። ሽማግሌው አንድም ጊዜ አላጉረመረሙም።

አራት ካርቶን አበላሽታ አምስተኛው ልክ ሆነ። እኔ የዚያን ያህል ሰዓት ሥራዬን ትቼ መቆሜን ያወቅሁት ወልደየሱስ ሲጠራኝ ነው።

ኅዳር 18

ሦስተኛው ስታፋ።

ረዲ ከወደቀ የጭነት መኪና ሻንሲ ቆርጦ ሠራው። በካርቶኑ ልክ ታጥፏል። ከሥር ደግሞ ደጋፊ እግር ጨመረበት፤ መንቀጥቀጡን እንዲችል። ፓምፑ የሚታሠርበት ቀዳዳ ረዘም ያለ ነው፤ ቺንጋው ሲላላ ገፋ አድርጎ ለማጥበቅ። ዳር ዳሩን በሊማ አለስልሶታል። ለምን አልኩት፤ ማንም አያየውም። «እኔ አይቼዋለሁ» አለ።

ታሠረ። ቺንጋውን ጋሽ ገልገሎ ራሳቸው ከጋሪሰኑ መካኒክ ለምነው አምጥተዋል። ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርን፤ እኔ መካከል፣ ረዲ በበሩ በኩል። ገበያው አጠገብ ጋሽ ገልገሎ ልማዳቸው ሆኖ በሁለት እግራቸው ረገጡት። መኪናው ቀጥ አለ። ሦስታችንም መስተዋቱ ላይ ተለጠፍን። የረዲ ግንባር አበጠ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ረዲ ግንባሩን ይዞ «ሠራ» ይላል። «ሠራ፣ ሠራ።»

ኅዳር 28

አሬሮ ደርሰን ተመለስን። ሦስት ቀን። ስታፋው ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ገልገሎ በየመቆሚያው ኮፈኑን እየከፈቱ በጣታቸው ይነኩታል፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ።

ዳዋ ዳር ምሳ ስንበላ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ቀኝ ጉልበታቸው ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው። ፍሬኑ ደነደነ ብለው ቢያመለክቱ «እግርዎ ደክሞ ነው» ተብሎ ሐኪም ይያቸው ይባላል፤ ሐኪም ካያቸው ጉልበቱ ይታወቃል፤ ከታወቀ መኪናው ይቀራል። «ሌላ ሥራ አላውቅም» አሉ። ዝም ያሉት ለዚህ ነው።

ምን ልበል? ነርስ ነኝ። ስድስት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ቀን ጉልበታቸውን አላየሁም።

ወዲያው እዚያው ሱሪያቸውን ሰብስበው አሳዩኝ። አብጧል። ቅባትና ማሠሪያ እሰጣቸዋለሁ። ለማንም አልናገርም። ግን በእኔ በኩል አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ መንዳት እንዲያስተምሩኝ። ወንዙን አዩ።

«ፔዳሉ አሁን ለአንቺ እግር ይሆናል» አሉ። «ቶሌ። እሺ።»

ታኅሣሥ 5

ኳስ ሜዳው ላይ። ሦስት ጊዜ ሞተሩ ጠፋብኝ። አራተኛው ላይ ሄድኩ።

ታኅሣሥ 12

ፍሪሲዮኑ ይከብደኛል። ፍሬኑ ግን... ቅቤ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ በአጥር በኩል ቆማ አየችኝ። ምን አለች ይሆን?

ታኅሣሥ 20

ከክብረ መንግሥት አንድ ሹፌር ረዲን ፍለጋ መጣ። የእሱም መኪና ሞተሩ ተቀይሮ ፍሬኑ ደንድኖበታል። የእኛን ስታፋ ሰምቶ ነው። ረዲ ካርቶኑን ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ግን የሌላ ሞተር ነው ብሎ አልሰጠውም። መሱዳ ስፌቷን አቁማ ተነሥታ ለሰውየው መኪና አዲስ ለካች። አሁን ባልና ሚስቱ እንዲህ ሆነዋል፤ እሷ ወረቀቱን፣ እሱ ብረቱን።

ጥር 6

ጋሽ ገልገሎ ወባ ያዛቸው። ክኒን ሰጠሁ። ከቤት እንዳይወጡ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ቁጭ ብዬ እስክጽፈው ድረስ የሆነ አልመሰለኝም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዋሪዮ የሚባል ሰው በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ መጣ። ሚስቱ ዲንኪቱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ልጁ አልወርድ ብሏል። ቤታቸው ከዳዋ ወዲህ፣ ቁልቁለቱ ሥር ነው። የሆስፒታሉ አምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ወልደየሱስ አዋሳ ነው። ጋሽ ገልገሎ አልጋ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

ቤታቸው ሄድኩ። ቁልፉን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ሊነሡ ሞክረው ሚስታቸው መለሷቸው። «ቁልቁለቱን ሁለተኛ ማርሽ ውረጂ» አሉኝ። «ከሁለተኛ አትውጪ። መኪናው ያውቀዋል።»

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ከኳስ ሜዳ ወጥቼ የነዳሁት ሁለት ቀን ነው። ኬላው ጋ ወታደሩ ወረቀት ጠየቀኝ። የማዋለጃ ዕቃዬን አሳየሁት፣ ዋሪዮን አሳየሁት። ዋሪዮ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። ወታደሩ ገመዱን ዝቅ አደረገ።

ቁልቁለቱ... ሁለተኛ ማርሽ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፍሬኑን ያዝኩ፣ ያዘልኝ። ለቀቅኩ። ያዝኩ፣ ያዘልኝ። ሞተሩ ሥር ያ ብረት እንዳለ በእግሬ አውቀው ነበር።

ዲንኪቱ ከንፈሯ ደርቆ፣ ድምፅ የላትም። የልጁን ልብ አዳመጥኩ። አለ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን አለ። ግሉኮስ ተከልኩላት፤ ጠርሙሱን አማቷ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከኋላ አስተኛናት። ዳገቱን ወጣን። ስትጮኽ ማቆም ፈለግኩ፤ አላቆምኩም። ሳትጮኽ ስትቀር የባሰ ፈራሁ። አማቷ ከኋላ ሆና በቦረንኛ ስትጸልይ ብቻ ይሰማኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ገባን። ዶክተሩ ወዲያው ወሰዳት። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሴት ልጅ። ስታለቅስ ከበሩ ውጭ ሰማናት። ዋሪዮ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እናቲቱ ደህና ናት።

መኪናውን ከግቢው ሳወጣ ከአጥሩ ጋር አጋጨሁት። ትንሽ ነው።

ጥር 13

ወልደየሱስ ተመለሰ። ያለ ፈቃድ ነድተሻል፣ ሰው ብትገድዪስ፣ ክሊኒኩ ይዘጋ ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉንም ሰማሁ። ሲጨርስ ወረቀት አውጥቶ ለአዋሳ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ጋሽ ገልገሎ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ገብተው ስለ ጉልበታቸው ራሳቸው ነገሩት። ማንም ሳያስገድዳቸው።

የካቲት 18

አዋሳ። አለፍኩ። ፈታኙ ከሴት እኔን ብቻ ነው ያየው፤ ሁለት ጊዜ ቁልቁለት ላይ አቁሚ አለኝ። ሁለቴም ቀጥ።

ለመሱዳ ክር ገዛሁላት፤ አሥራ ሁለት ቀለም።

መጋቢት 26

ጋሽ ገልገሎ አገራቸው ሊገቡ ወስነዋል። አሬሮ፣ ወንድማቸው ከብቶቹን ይዞ ወዳለበት። «ላሞች ፍሬን የላቸውም» ብለው ሳቁ። ከዚህ በኋላ ለክትባት ስንሄድ የምናድረው እሳቸው ቤት ነው፤ ይህን አስምለውኛል።

ደስ ብሎኛል? ብሎኛል። ከፍቶኛልም።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

ዛሬ ወሰድኳቸው። ሚስታቸው ባለፈው ሳምንት ቀድመው ሄደዋል። ረዲ የሠራላቸው አልጋ ተፈታቶ ከላይ ታሥሯል። መሱዳ ጋቢያቸውን ከፍፋ ሰጠቻቸው። ረዲ ኮፈኑን ከፍቶ ቡሎኖቹን በቁልፍ ሞከረ፤ የላላ አልነበረም። ከዚያ ተጨባበጡ። ረጅም ጊዜ።

ዝናቡ ሰሞኑን ጥሏል። ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ቀይ መንገድ ብቻ በመካከሉ። መጀመሪያ መንገዱን ያዩልኝ ነበር። «ድንጋይ» ይላሉ። «ውሃ አለ በግራ።» ወደ ዳዋ ስንቃረብ ንግግራቸው እየቀነሰ መጣ። የዳዋን ቁልቁለት ስጀምር ዘወር ብዬ አየኋቸው።

ተኝተዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ ራሳቸው በሩ ላይ ዘንበል ብሎ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ ሲወርዱ ዓይናቸውን ያልጨፈኑ ሰው።

መታጠፊያው ጋ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ያዝኩት። እንዳይነቁ።